ከመርከቧ ሆድ ሥር አልገባም

ሥራ በጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ መሣሪያ ከጭነት መኪና ባሌስትራ ተቆርጦ የተሳለ መፋቂያና አንድ ጥቅል ገመድ ነበር። የሰጠኝ የመርከቧን ሞተሮች የሚያንቀሳቅሰው ሞተሪስቱ አቶ ሰይፉ ነው። ገመዱን ወገቤ ላይ እያሰረ፣ "ዋና እችላለሁ ብለህ ለባለቤቱ ለግራዝማች ነግረሃል። ውሸት ከሆነ አሁን ተናገር፤ አልቆጣህም" አለኝ። ውሸት እንዳልሆነ ነገርኩት። "እንግዲያስ ግባ" አለኝ።

ኢታና እባላለሁ። ነቀምቴ ተወልጄ ባኬ ጃማ አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ ቡሎን እየፈታሁ ያደግሁ ነኝ። ወደ ታችኛው ዴዴሳ ወንዝ የወረድኩት በጃንሆይ ዘመን፣ ጋራዡ ሥራ ሲቀዘቅዝበት ነው። ያን ጊዜ ቆላው ውስጥ ድልድይ በሌለበት በኩል አንዲት የብረት ጀልባ ቡና፣ ሰሊጥ፣ ከብትና ሰው ታሻግር ነበር። ጠፍጣፋ ናት፤ አንድ የጭነት መኪና ከነጭነቱ ትሸከማለች። ብረቷ በመኪና ተጭኖ መጥቶ እዚያው ወንዙ ዳር የተበየደ ነው። ባሕር አይቶ የማያውቀው ያገሬው ሰው "መርከቧ" ይላታል። እኛም ሠራተኞቿ እንዲሁ እንላት ነበር።

ያን ዕለት ከሥሯ ገብቼ እጄን ሆዷ ላይ ሳሳርፍ ብረት አላገኘሁም። ያገኘሁት ልጋግ ነው፤ ወፍራም፣ ሙልጭልጭ ያለ፣ እንደ ቆዳ የሚላጥ። ከልጋጉ በታች ደግሞ ወንዙ ውስጥ ድንጋይ ላይ የሚጣበቀው ዛጎል አለ። ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው። ወጥቼ እጄን ሳይ ደም በደም ሆኗል። አቶ ሰይፉ አየና፣ "ነገ ጨርቅ ጠቅልልበት። አሁን ግን ሳጥኖቹን አልጨረስክም፤ ተመለስ" አለኝ።

ሳጥኖቹ የሥራው ዋና ነገር ነበሩ። መርከቧ ሁለት ሞተር አላት፣ ግራና ቀኝ። እያንዳንዱ ሞተር የሚቀዘቅዘው ከወንዙ በሚስበው ውሃ ነው። ውሃው የሚገባበት ከሆዷ ሥር ወንፊት የተገጠመለት የብረት ሳጥን አለ። ልጋጉና ዛጎሉ ወንፊቱን ከደፈነው ውሃ አይገባም፤ ውሃ ካልገባ ሞተሩ ይፈላል፤ ከፈላ መጥፋት አለበት። ወንዝ መሃል ሞተር ጠፋ ማለት ደግሞ ከታች በኩል ያለው ዓለት ይጠብቀናል ማለት ነው።

ሆዷም ሲቆሽሽ እንዲሁ ያስቸግራል። ልጋግ የለበሰች ጀልባ ትከብዳለች፤ መሪ አትሰማም፤ ነዳጅ ትጨርሳለች። ስለዚህ የፋቂ ሥራ አያልቅም። አንዱን ጎን ጨርሰህ ወደ ሌላው ስትዞር የፊተኛው አረንጓዴ መልበስ ጀምሯል። ሬንጅ ቀብተን አይተናል። አንድ ጊዜ ከምጽዋ የመጣ መዳብ ያለበት ቀለም ቀብተናታል፤ አሸዋው ላይ ስትሳብ ተላጦ ቀረ።

ፋቂዎቹ ሁለት ነበርን፤ እኔና ቶሌራ። ቶሌራ የጊምቢ ገጠር ልጅ ነው፤ ከእኔ በፊት የገባ። አንዳችን ስንገባ ሌላችን ገመድ እንይዛለን። ገመዱ አንዴ ከተሳበ "አላላ" ማለት ነው፤ ሁለቴ ከተሳበ "እየወጣሁ ነው"። ሰው ሁሉ አዞውን ትፈሩታላችሁ ወይ እያለ ይጠይቀን ነበር። አዞው ድምፅ ይሸሻል፤ ብዙም አላስቸገረን። እኛ የምንፈራው ፕሮፔለሩን፣ ሞተሩ ከሥር የሚያሽከረክረውን ስለት ነበር፤ ሳጥኑ ከፕሮፔለሩ የክንድ ያህል እንኳ አይርቅም።

የመርከቧ ባለቤት ግራዝማች ይልማ ይባላሉ። ከሸዋ መጥተው ወለጋ ውስጥ ያረጁ ነጋዴ ናቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም። ችኩል ሰው ነበሩ። መኪና ተሰልፎ ሲያዩ የሚይዙት የሚጨብጡት ይጠፋቸዋል።

አንድ የበጋ ቀን ቡና የጫነ መኪና ይዘን መሃል ስንደርስ የግራው ሞተር ፈላ። በአንዱ ሞተር ብቻ መርከቧ ዞረች፤ ውሃው ወደ ታች ይዟት መሄድ ጀመረ። መልሕቅ ጣልን። መልሕቁ አሸዋ ላይ እየተጎተተ ትንሽ ያዝ አደረጋት። አቶ ሰይፉ ሁለቱንም ሞተር አጠፋ። ቶሌራ ማንም ሳያዘው መፋቂያውን ይዞ ገባ። ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ከሥር ሲፍቅ ይሰማናል። ከዚያ ዝም አለ፤ ገመዱ አንዴ ተሳበ። "አላላ" ማለቱ ነው፤ አላላሁለት። ግራዝማች ግን ገመዱ ሲንቀሳቀስ አይተው፣ "ጨረሰ፤ አስነሳ" አሉ።

አቶ ሰይፉ፣ "ገና አልወጣም ጌታዬ" አለ።

"ዓለቱ ላይ ልንወጣ ነው እኮ" አሉና በትከሻው ላይ እጃቸውን አሳልፈው ቁልፉን ራሳቸው አዞሩት።

ቶሌራን ስናወጣው ቀኝ ክንዱ የእሱ አይመስልም ነበር። ሞተሩ ተነስቷል፤ መርከቧም ዳነች። ቡናውን እዚያው ዳር አራገፍንና በዚያው መኪና ቶሌራን ጭነን ወደ ነቀምቴ ወጣን። ሐኪሙ ክንዱን ከክርኑ በታች ቆረጠው። ቶሌራ ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀኝ ነገር፣ "አንዴ ነው ሁለቴ የሳብኩት?" የሚል ነበር። "አንዴ" አልኩት። "እኔም እንደዚያ ነው የማስታውሰው" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ላስታምመው ስቀመጥ ኦቦ ዲንሳን አወቅኋቸው። የሆስፒታሉን ኤሌክትሪክና የውሃ መስመር የሚጠብቁ፣ አዲስ አበባ ተምረው የመጡ የነቀምቴ ሰው ናቸው። አንድ ጠዋት መሰላል ሲሸከሙ አየሁና አገዝኳቸው። የውሃ ማጠራቀሚያውን ሊያጥቡ ነበር። ክዳኑን ሲከፍቱ ከውስጥ በመስታወት ቱቦ የተሸፈነ፣ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ መብራት አየሁ።

"ትኩር ብለህ አትየው" አሉና አጠፉት። "አልትራቫዮሌት ይባላል። ሰማያዊው ዋናው አይደለም። ዋናው ዓይን የማያየው ጨረር ነው። ውሃው ውስጥ ያለውን ጀርም ይገድላል።"

እኔ ስለ ጀርም አላሰብኩም። ዓይኔ ያረፈው ማጠራቀሚያው ግድግዳ ላይ ነው። ራቅ ያለው ግድግዳ አረንጓዴ ለብሷል። መብራቱ አጠገብ ያለው ግን ትናንት የተሠራ ይመስላል።

"ኦቦ ዲንሳ፣ አረንጓዴው እዚህ ጋ ለምን አልያዘም?"

"ጨረሩ የሚደርስበት ቦታ ላይ ገና ሊይዝ ሲል ይሞታል። ካደገ በኋላ አይነቅለውም፤ እንዳይጀምር ነው የሚያደርገው።"

"ወንዝ ውስጥስ?"

"ሞክሬው አላውቅም። ውሃው ጥሩ ከጠራ ይሠራል ብዬ እገምታለሁ። ከደፈረሰ አይሆንም፤ ይህ ጨረር ጭቃ አያልፍም። ደግሞ ሩቅ አይሄድም፤ ስንዝር፣ ሁለት ስንዝር ቢሄድ ነው።"

ሳጥናችን ከዚያ አይሰፋም ነበር።

ወንዙ ዳር ስመለስ ግራዝማች ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ፣ "ሳጥኖቹ ተደፍነዋል፤ ግባ" አሉኝ።

"ሂን ሴኑ" አልኳቸው።

ኦሮምኛ አሳምረው ያውቃሉ። ቢሆንም፣ "በአማርኛ ድገመው" አሉኝ።

"አልገባም" ብዬ በአማርኛም ደገምኩት።

"ሥራ አስተጓጎለ ብዬ በወረዳው ፖሊስ አሳስርሃለሁ።"

"ያሳስሩኝ። እስር ቤቱ ደረቅ ነው።"

አላሳሰሩኝም። በማግስቱ ከወንዙ ማዶ ሁለት ዋናተኞች ቀጠሩ። ሰዎቹ አንድ ጊዜ ገብተው ወጡ። ከዚያ አንደኛው አቶ ሰይፉን፣ "ያ ሰው ክንዱ የተቆረጠው እዚህ ነው?" ሲል ጠየቀው። አቶ ሰይፉ፣ "እዚሁ ነው" አለ። ከሰዓት በኋላ ሁለቱም አልነበሩም።

እኔ በየቀኑ ጠዋት እየመጣሁ ዳር ላይ እቀመጥ ነበር። ሥራ አልተውኩም፤ ከሥር መግባትን ነው የተውኩት። ገመድ እይዛለሁ፣ ጭነት አወርዳለሁ፣ ሞተር አጥባለሁ። ግራዝማች ባለፉ ቁጥር ብድግ ብዬ እጅ እነሳለሁ። "ዛሬስ?" ይሉኛል። "ዛሬም አልገባም" እላቸዋለሁ።

ስለ መብራቱ ስነግራቸው ሳቁ። ቡና ነጋዴዎቹም ሰሙና፣ "ኢታና ለዓሦቹ መብራት ሊያስገባ ነው" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ያልሳቀው አቶ ሰይፉ ነው። ጎጃሜ ነው፤ ንግግር አያበዛም። ነጋዴዎቹ ሲስቁ ተነስቶ ግራዝማችን፣ "ዳር ካለው የቡና ጎተራ ጄኔሬተር ሽቦ እኔ እስባለሁ። መርከቧ ብዙውን ጊዜ የምትቆመው ዳር ላይ ነው፤ ልጋጉም የሚይዛት ስትቆም ነው። ካልፈቀዱልን እኔም ቁልፉን አስረክባለሁ" አላቸው።

ግራዝማች ሌላ ሞተሪስት ከየት እንደሚያመጡ ያሰቡ ይመስለኛል። "ሞክሩ" አሉ። ወደ እኔ ዞረው ግን፣ "ካልሠራ ትገባለህ" አሉኝ።

"ካልሠራም አልገባም" አልኳቸው።

ኦቦ ዲንሳ ሆስፒታሉን አስፈቅደው የተለወጠ አሮጌ መብራት ይዘው መጡ። መርከቧን በመኪናና በብረት ገመድ ወደ አሸዋው ሳብናት። የግራውን ሳጥን አናት ከወለሉ በኩል ቆርጠን ክዳን አበጀንለት፤ ከእንግዲህ መብራቱም ሆነ ወንፊቱ ከላይ ይነካል። ዙሪያውን ከመኪና ጎማ በተቆረጠ ካላማዳሪ አሸግን። ቀኙን እንዳለ ተውነው። ይህን የመከርኩት እኔ ነኝ፤ ሁለቱንም ብናደርግ ልጋጉ በራሱ ጊዜ ቀነሰ ይሉናል ብዬ።

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ስንገጥም የመብራቱ ሽፋን ተሰነጠቀብን። ኦቦ ዲንሳ ወደ ነቀምቴ ተመልሰው ስለነበር በአካባቢው ባገኘነው የመስታወት ቱቦ ተካነው። መብራቱ በደንብ ይበራል። ሳጥኑ ግን እንደ ድሮው አረንጓዴ ለበሰ። ነጋዴዎቹ ክዳኑን ከፍተው አይተው ሄዱ፤ ያን ቀን እንኳ አልቀለዱም።

ኦቦ ዲንሳ ሲመጡ መስታወቱን በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉና፣ "ይህ ተራ መስታወት ነው። ብርሃኑን ያሳልፋል፣ ጨረሩን ያስቀራል። ሽፋኑ ኳርትዝ የሚባለው፣ ጨረሩን የሚያሳልፈው ልዩ መስታወት መሆን አለበት" አሉ። ኳርትዙ እስኪገኝ መጠበቅ ነበረብን። በመካከሉ ግራዝማች፣ "አበቃ፤ ልብስህን አውልቅ" አሉኝ። አላወለቅሁም።

ኳርትዙ መጥቶ ስንገጥመው ሌላ ትምህርት አገኘሁ። ክዳኑ ክፍት እያለ መብራቱ በርቶ አጎንብሼ ቡሎን ሳጠብቅ ቆየሁ። ያን ጊዜ ምንም አልተሰማኝም። ሲመሽ ግን ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የፈሰሰ መሰለኝ፤ ፊቴም ተላጠ። ማየት እስክችል ድረስ አቶ ሰይፉ በእጁ አጎረሰኝ። ከዚያ ወዲያ ክዳኑ ሲከፈት ሽቦው የሚነቀልበትን መሰኪያ ሠራን፤ ሳይነቀል እጁን የሚሰድ ሰው አልነበረም።

ወንዙ በጣም በጠራበት ወር ክዳኑን ግራዝማች ባሉበት ከፈትን። ቀኙን ሳጥን አቶ ሰይፉ ከአሸዋው ላይ ሆኖ በመንጠቆ ሞከረው፤ መንጠቆው ልጋጉ ውስጥ ጠፋ። የግራው ሳጥን ብረቱ ይታያል። አንድ ትልቅ ቡሎን ጨረሩን የጋረደበት በኩል ብቻ ቀጭን አረንጓዴ መስመር ነበር። ግራዝማች ጎንበስ ብለው መስመሩን በጣታቸው ነኩ።

"ደግ ነው" አሉ። "ለቀኙም አድርጉለት። ሆዷን ግን መብራት አይደርስባትም። ከእንግዲህ ሳጥኑ ስለማያስቸግርህ ግባና ሆዷን ፋቅ።"

"ሆዷን አሸዋ ላይ ስባችሁልኝ እፍቃለሁ። ውሃ ውስጥ የግድ ከሆነ ግን የሁለቱም ሞተር ቁልፍ እኔ ጋ ይሆናል። ስወጣ እሰጣለሁ።"

"የመርከቤን ቁልፍ ለፋቂ?"

"ከሥር ላለው ሰው።"

"ከዚህ ጥፋ" አሉኝ፤ ጠፋሁ። መብራቱን ነቅዬ መሄድ እችል ነበር፤ ኦቦ ዲንሳ ያመጡት ለእኔ ነውና። ተውኩት። ከመርከቧ ጋር ጠብ አልነበረኝም።

ነቀምቴ ተመልሼ ጋራዡ ውስጥ ሥራ ጀመርኩ። ወሬው ግን ይደርሰኝ ነበር። የግራው ሞተር ሳይፈላ እየሠራ ነው፤ አቶ ሰይፉ ለቀኙም ሳጥን ክዳንና መብራት አበጅቶለታል። ሆዷን ግን የሚገባላት ሰው ጠፍቶ መርከቧ ከብዳለች። መሪ ስለማትሰማ ከመውረጃው በታች እየሄደች ትቆማለች፤ መኪናዎቹ መውጣት ያቅታቸዋል። ነጋዴዎቹ በላይኛው መንገድ መዞር ጀምረዋል።

አንድ የገበያ ቀን ግራዝማች በራሳቸው መኪና ጋራዡ በር ላይ ቆሙ። ከመኪናቸው አልወረዱም። በመስኮቱ እጃቸውን አወጡ፤ ሁለት ቁልፍ ይዘዋል።

"ይኸውልህ" አሉ።

እጄ ዘይት ነበር፤ ጠረግሁና ሳልቀበል፣ "ቶሌራስ?" አልኳቸው።

"ባንድ እጁ ምን ሊሠራ ነው?"

"መብራቶቹን ይጠብቃል። ክዳኑን ይከፍታል፤ ሲደፈርስ ያጠፋል፤ መስታወቱን ይወለውላል። ከእሱ የተሻለ ሳጥኖቹን የሚያውቅ የለም።"

ከኋላ ከብት የሚነዳ ሰው መኪናውን አልፎ እስኪሄድ ጠበቁ። ከዚያ፣ "ይምጣ" አሉ። ይቅርታ አልጠየቁም፤ በኋላም ጠይቀው አያውቁም። እኔም አልጠበቅሁም። ቁልፉን ተቀበልኩ።

ቶሌራን ለማምጣት ወደ ጊምቢ ሄድኩ። እናቱ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ በግራ እጁ ቢላ ለመሳል ሲሞክር አገኘሁት። ነገሩን ስነግረው፣ "ከዚያ ወንዝ የምፈልገው ነገር የለም" አለኝ። ቡናችንን ጠጣን፤ ስለሌላ ነገር አወራን። ልሄድ ስነሳ፣ "ቁልፉ ማን ጋ ነው?" አለኝ። ከኪሴ አውጥቼ አሳየሁት። መዳፉ ላይ አስቀምጦ ብዙ አየው። "ቶሌ" አለ፤ እሺ ማለቱ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ቀኖች ከውሃው ርቆ ይቀመጥ ነበር። ማንም አልገፋውም። አንድ ጠዋት ስመጣ ወለሉ ላይ በሆዱ ተኝቶ የቀኙን ክዳን በአንድ እጁና በጥርሱ ሲፈታ አገኘሁት። ላግዘው ስጠጋ፣ "ዲሲ" አለኝ፤ ተው። ተውኩት።

ክረምት ሲመጣ ኦቦ ዲንሳ ያሉት ደረሰ። ዴዴሳ ቀይ ጭቃ ሆነ፤ መብራቱ ሳጥኑ ውስጥ እንኳ አይታይም። ግራዝማች፣ "የታል መብራትህ?" አሉኝ። "አይሠራም፤ አጥፍተነዋል" አልኳቸው። ሳጥኖቹን ከላይ በክዳኑ በኩል በመንጠቆ እንጠርጋለን፤ ወንዙ ሲሞላ መርከቧም ትቆማለች። በጋ ሲመጣ ቶሌራ መብራቶቹን መልሶ አበራ። ሆዷን አሸዋ ላይ ስበን እፍቃለሁ። ውሃ ውስጥ የምገባበት ቀን ጥቂት ነበር፤ በእነዚያ ቀኖች ቁልፎቹ አንገቴ ላይ በክር ታስረው አብረውኝ ይገባሉ። አንድ የመንግሥት ሹም ቸኩለው ወለሉ ላይ ሲጮሁ ከሥር ሆኜ ሰምቻቸዋለሁ። ሥራዬን ጨርሼ ወጣሁ።

መርከቧ በኋላ ቀረች። መንገዱ ሲቀየር የሚሻገርባት ጠፋ፤ አሸዋው ላይ ተቆርጣ ብረቷ ለሌላ ሥራ ዋለ። አቶ ሰይፉ ወደ አገሩ ተመለሰ። ቶሌራ ኦቦ ዲንሳ ዘንድ ገብቶ የሆስፒታሉን ውሃ ጠባቂ ሆነ፤ እስከ ጡረታው እዚያው ሠራ። እኔ በነቀምቴ፣ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ ብዙ ማሽን ጠግኛለሁ።

ከማሽን ሥር ለምትገቡ የምለው ይህን ነው። አልትራቫዮሌት መብራት በጠራ ውሃና በቅርብ ቦታ ልጋግና ዛጎል እንዳይጀምር ያደርጋል፤ በጭቃ ውሃ አይሠራም፤ በተራ መስታወት አይሠራም፤ ዓይን ያቃጥላል። ሰው ከሥር የሚገባበትን ሥራ በመብራት ወይም ከላይ በሚከፈት ክዳን ማስቀረት ከተቻለ ይቅር። ካልተቻለ የሞተሩ ቁልፍ ከሥር ካለው ሰው ጋር ይግባ። ቁልፉን ካልሰጧችሁ አትግቡ።